የጥላ ዘንግ፣ ኩይሳና የመስጊድ ግድግዳ

(በመስጊዱ የምሥረታ መታሰቢያ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዚህ መጽሔት አንባብያን እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

በአላህ ስም እጀምራለሁ።



የተከበራችሁ የጀማዓው አባላት፣ የተከበራችሁ የኮሚቴው ሽማግሌዎች፣ እንዲሁም ይህን መጽሔት በእጃችሁ የያዛችሁ ውድ አንባብያን፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ሳይንሳዊ መሣሪያዎችና ተፈጥሮ ለሕንፃ ንድፍ የሚሰጡት ትምህርት» የሚል ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲሰሙት ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን መስጊድ የሚሠራው በጀማዓው ገንዘብ ነው። ከጉሊት ሻጭ እናት መቀነት ተፈትቶ የወጣ ብር አለበት። የቀን ሠራተኛው ከዕለት ጉርሱ የቀነሰው አለበት። እኅታችን በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የላከችው አለበት። ይህ ገንዘብ ወደ ድንጋይና ሲሚንቶ ከመለወጡ በፊት ግድግዳው ወዴት እንደሚያይ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ነፋሱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ መጠየቅ የእያንዳንዳችን ጉዳይ ነው። ሰው የገዛው ልብስ ባይስማማው ያወልቀዋል፤ ሕንፃ ግን አይወለቅም። የተሳሳተ ግድግዳ ከሠሪዎቹ አልፎ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ያስቸግራል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ቀደምት ዐሊሞች ጥላን እንዴት መሣሪያ እንዳደረጉት፣ ቀጥሎም መሣሪያው ራሱ እንዴት ሕንፃ እንደሆነ፣ ከዚያም ከሰው እጅ ሥራና ከተፈጥሮ የተቀዱ የቅርብ ዘመን ሕንፃዎችን እንመለከታለን። በመጨረሻም ወደራሳችን ግቢ እንመለሳለን።

ሀ. ጥላ የመጀመሪያው መሣሪያ

ውድ አንባቢ፤ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በደልዳላ መሬት ላይ ብታቆም ከሁሉ የሚቀድመውን የሳይንስ መሣሪያ ሠርተሃል። ጠዋት ጥላው ረዥም ሆኖ ወደ ምዕራብ ይወድቃል፤ እያጠረ ይሄድና እኩለ ቀን ላይ እጅግ ያጥራል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እንደገና ይረዝማል። የዙህር ወቅት የሚገባው ጥላው ከማጠር ወደ መርዘም ሲመለስ ነው። የአስር ወቅት ደግሞ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ የእኩለ ቀኑ ጥላ ሳይቆጠር የዘንጉ ጥላ ከቁመቱ ጋር ሲተካከል ይገባል፤ በሐነፊዮች ዘንድ ቁመቱን ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። እንግዲህ ሙስሊሙ የእጅ ሰዓት ከመኖሩ አስቀድሞ በየቀኑ የፀሐይን ጉዞ ይለካ ነበር ማለት ነው።

ይህ ልኬት ለሙአዚኑ ዓይን ብቻ ሳይተው በጊዜ ብዛት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ታላላቅ መስጊዶች «ሙወቂት» የሚባል የሥራ መደብ ተፈጠረ፤ ሥራውም የሶላትን ወቅት በስሌትና በመሣሪያ መወሰን ነበር። ከነዚህ ሰዎች መካከል ስሙ የገነነው ኢብኑ ሻጢር ነው። በደማስቆ ተወልዶ በ1375 እ.ኤ.አ. የሞተው ይህ ሊቅ የታላቁ የኡመያ መስጊድ ሙወቂት ነበር። በ1371 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. ገደማ ለመስጊዱ ሚናራ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ገደማ ከሆነ እብነ በረድ የፀሐይ ሰዓት ሠራ። ይህ የፀሐይ ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ወዲህ ያለፈውን፣ እስከ መጥለቂያዋ የቀረውን ጊዜና የሶላት ወቅቶችን ያሳይ ነበር። ከሁሉ የሚደንቀው ጥላ የሚጥለው ዘንግ ነው። ኢብኑ ሻጢር ዘንጉን ቀጥ አድርጎ በማቆም ፈንታ ምድር ከምትሽከረከርበት ዛቢያ ጋር ትይዩ እንዲሆን አዘንብሎ ተከለው። በዚህም ምክንያት በክረምትም በበጋም እኩል የሆኑ ሰዓታትን ለመቁጠር ተቻለ። በዚህ ዓይነት ከተሠሩት የፀሐይ ሰዓቶች ውስጥ እስከ ዛሬ ከተገኙት ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው። ስብርባሪው በደማስቆ ብሔራዊ ሙዚየም የተቀመጠ ሲሆን በሚናራው ላይ ያለው በ19ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ ቅጂ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢን የማሳስበው፣ ሚናራው ድምፅ የሚሰማበት ቦታ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሚናራው ጊዜ የሚለካበት ቦታም ነበር። ሕንፃውና መሣሪያው ተለያይተው አይታዩም ነበር።

ለ. መሣሪያው ራሱ ሕንፃ ሲሆን

መሣሪያ ትንሽ ሲሆን ስሕተቱ ትልቅ ይሆናል። በእጅ በሚያዝ ሰሌዳ ላይ አንዱ ዲግሪ ከሌላው በፀጉር ያህል ብቻ ይለያል። ስለዚህ ትክክለኛ ልኬት የፈለጉ ሊቃውንት መሣሪያውን እያሳደጉ እያሳደጉ ሄደው በመጨረሻ ሕንፃ አደረጉት።

በሳማርካንድ የነገሠው ኡሉግ ቤግ በ1420ዎቹ እ.ኤ.አ. የከዋክብት መመልከቻ አሠራ። ባለ ሦስት ፎቅ ክብ ሕንፃ ሲሆን በመካከሉ ወደ 40 ሜትር የሚደርስ ሬዲየስ ያለው የቅስት መለኪያ ነበረበት፤ የቅስቱ የታችኛው ክፍል በዐለት ውስጥ ተቆፍሮ የተሠራ ነበር። ክፍሉ ጨለማ ሆኖ የፀሐይ ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ይገባና እኩለ ቀን ላይ በቅስቱ ምልክቶች ላይ ያርፋል። በዚህ መሣሪያ በመታገዝ የዓመትን ርዝመት 365 ቀን፣ 6 ሰዓት፣ 10 ደቂቃና 8 ሴኮንድ ብለው አሰሉ፤ ከዛሬው ስሌት የሚለየው በአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የ1,018 ከዋክብት ሰንጠረዥም አዘጋጁ። ኡሉግ ቤግ በ1449 ተገደለ፤ ሕንፃውም ፈርሶ ተረሳ። በ1908 ቁፋሮ ሲደረግ የተገኘው ያ በዐለት ውስጥ የነበረው የቅስቱ ክፍል ነበር።

ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሕንዱ መስፍን ጃይ ሲንግ የሳማርካንድን ሥራ አጥንቶ በጃይፑር ከተማ ከ1728 እስከ 1734 ጃንታር ማንታር የሚባለውን የመሣሪያዎች ግቢ ሠራ። በመካከሉ የቆመው የፀሐይ ሰዓት 27 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ማለት እንደ ሰባትና ስምንት ፎቅ ቤት ነው። ደረጃ የመሰለው ዘንበል ያለ ግድግዳ ከመሬት ጋር የ27 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራል፤ ይህም የጃይፑር ኬክሮስ ነው። የጥላው ጫፍ በአንድ ደቂቃ 6 ሳንቲም ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጥላ ሲንቀሳቀስ ዓይን እያየ ማለት ነው። ግቢው በ2010 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ውድ አንባቢ፤ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ያ ግድግዳ ውብ ነው፤ ከዓለም ዙሪያ አርክቴክቶች እየመጡ ያዩታል። ግን ውብ እንዲሆን ብሎ የሠራው የለም። የያንዳንዱን ግድግዳ ዝንባሌ የወሰነችው ፀሐይ ናት። ያንኑ ግድግዳ ነቅለህ ወደ አዲስ አበባ ብታመጣው ሐሰተኛ ሰዓት ይሆናል፤ የእኛ ኬክሮስ 9 ዲግሪ ነውና። ሕንፃ እንደ ሸቀጥ ከአገር አገር የሚጫን አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ሐ. ከእንጨት መስኮት እስከ ካሜራ

በካይሮና በሌሎች የዐረብ ከተሞች «መሽረቢያ» የሚባል የእንጨት ጥልፍልፍ መስኮት አለ። ስሙ ከመጠጣት ጋር የተያያዘ ነው፤ የውኃ እንስራ ከኋላው ይቀመጥ ነበርና። ነፋሱ በጥልፍልፉ ሲያልፍ እንስራውን ያቀዘቅዛል፤ ከእንስራው ላብ የተነሣ አየሩም ይቀዘቅዛል። የሚቃጠለው ብርሃን ተከፋፍሎና ለዝቦ ይገባል። በቤት ያሉት ውጪውን ያያሉ፤ ከውጪ ያለ ግን ወደ ውስጥ አያይም። አንድ የእንጨት ሥራ አራት አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው።

በፓሪስ ከተማ የዐረብ ዓለም ኢንስቲትዩት በ1987 ሲከፈት አርክቴክቱ ዣን ኑቬልና ባልደረቦቹ ይህን መስኮት በአዲስ መልክ አመጡት። በደቡቡ ግድግዳ ላይ 240 የብረት መስኮቶችን ደረደሩ። በየመስኮቱ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች እንደ ፎቶግራፍ ካሜራ ዓይን የሚከፈቱና የሚዘጉ ናቸው፤ ብርሃን ሲበዛ ይጠባሉ፣ ሲያንስ ይሰፋሉ። የካሜራ ጥንታዊ ሥር ደግሞ ጨለማ ክፍልና አንድ ትንሽ ቀዳዳ ነው። በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሃይሠም በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝ ያጠናው በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ነበር። ስለዚህ የፓሪሱ ግድግዳ የአናጺውንም የሊቁንም ውርስ በአንድ ላይ ይዟል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሕንፃው በ1989 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ።

ሆኖም ታሪኩን በሙሉ መናገር ተገቢ ነው። እነዚያ ስስ ሞተሮች ከጊዜ ብዛት እየተበላሹ ብዙዎቹ ቀዳዳዎች መንቀሳቀስ አቆሙ፤ በ2017 እድሳት ተደርጎላቸዋል። የካይሮው የእንጨት መስኮት ግን ሞተር የለውም፤ ያለ ኤሌክትሪክ መቶ ዓመታትን ቆይቷል። ሀብታሙ የፓሪስ ተቋም ሞተሩን ማሳደስ ይችላል። የእኛ ጀማዓ ግን መብራት ሲጠፋ የማይሠራ፣ ሲሰበር መለዋወጫው ከውጪ የሚመጣ ነገር በግድግዳው ላይ ከመስቀሉ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት።

መ. ኩይሳ

አሁን ደግሞ ወደ ተፈጥሮ እንምጣ። በቆላውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል የተጓዘ ሰው ኩይሳን ያውቃል፤ ምስጦች ከአፈርና ከምራቃቸው የገነቡት፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚሆን ግንብ ነው። ገበሬው ዙሪያውን ያርሳል እንጂ በቀላሉ አያፈርሰውም፤ ዶማ ይመልሳል።

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት የሚባለው ታላቅ የገበያና የቢሮ ሕንፃ ከኩይሳ የተማረ ነው። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ይባላል። ሐራሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ቀኗ የሚሞቅ ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ ከተማ ናት። በሕንፃው ሌሊት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር በማራገቢያ እየተገፋ ከወለሎቹ በታች ባሉት ክፍት ቦታዎች ያልፋል፤ ወፍራሙ ኮንክሪት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ቀን ቀን ኮንክሪቱ ያንን ቅዝቃዜ ቀስ በቀስ ይመልሳል፤ የሞቀው አየር ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ በጡብ ጭስ ማውጫዎች ይሄዳል። በዚህ ዘዴ የተለመደውን የማቀዝቀዣ ማሽን ሳይገጥሙ ቀሩ፤ የማሽኑም ወጪ፣ በየወሩ የሚመጣውም የመብራት ሂሳብ ተቀነሰ።

እዚህም ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ስኮት ተርነርና ሩፐርት ሶር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት ኩይሳ አርክቴክቶች እንዳሰቡት እንደ ጭስ ማውጫ ብቻ የሚሠራ አለመሆኑን አሳዩ። የምስጦቹን ጎጆ ሙቀት የሚያረጋጋው በይበልጥ የመሬቱ አፈር ነው፤ ከላይ ያለው ግንብ ሥራው እንደ ሳንባ ነው፤ የውጪው ነፋስ ሲበረታና ሲለዝብ አየሩን ያስተነፍሳል። ሕንፃው ግን በሚገባ ይሠራል። የተማረው ከኩይሳው መልክ ሳይሆን ከጥያቄው ስለሆነ ነው፤ «ይህ ፍጡር ያለ ማሽን እንዴት ይኖራል?» ከሚለው። ኩይሳ የመሰለ ሕንፃ መሥራት ቀላል ነው፤ እንደ ኩይሳ የሚተነፍስ ሕንፃ መሥራት ግን ልኬት ይጠይቃል።

ሠ. ወደ ራሳችን ግቢ

ውድ አንባቢ፤ የኮሚቴው አባላት ለአዲሱ መስጊድ የቀረበውን ንድፍ በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አሳይተውኛል። የደከሙበት ሥራ ነው፤ የሚና‍ራው ቁመትና የመታጠቢያው አቀማመጥ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ዋናው መንገድ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ሕንፃው ለአላፊ አግዳሚው እንዲያምር ተብሎ የምዕራቡ ግድግዳ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት ሆኗል። የእናቶችና የእኅቶች መስገጃ ደግሞ በዚያው በምዕራብ በኩል፣ ከፎቅ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው። ስለዚህ ነገር ዘንጉ ምን እንደሚለን እንጠይቀው።

በአዲስ አበባ አንድ ሜትር የሆነ ዘንግ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ 63 ሳንቲም ያህል ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ 26 ሳንቲም ያህል ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ገደማ እኩለ ቀን ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል፤ ፀሐይ በአናታችን ላይ ናት። ከዚህ የምንረዳው በሰሜንና በደቡብ ግድግዳ ላይ ፀሐይ የምትመጣው ከከፍታ ስለሆነ በቀላሉ የምትከለከል መሆኗን ነው። አንድ ሜትር ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ በደቡብ በኩል በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንኳ ከበታቹ አንድ ሜትር ተኩል የሚያልፍ ግድግዳ ያጠላል። በምዕራብ በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዘንጉ ጥላ ከቁመቱ ጋር ሲተካከል ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ወርዳለች፤ ከዚያ በኋላ ዝቅ እያለች ከማንኛውም ክፈፍ በታች ትገባለች። ይህ እንግዲህ አስር የሚሰገድበት ሰዓት ነው። የምዕራቡ መስታወት ጀማዓው በሚሰበሰብበት በዚያው ሰዓት ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ሙቀትም ወደ ላይ ስለሚወጣ ድርሻውን የሚቀበሉት ከፎቅ ያሉት እናቶች ናቸው። በክረምት ደግሞ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ኹጥባው አይሰማቸውም። ለመንገደኛ ዓይን ብለን የሰጋጁን ገላ ማስጨነቅ ተገቢ ነውን?

የሚያስደስተው ግን መፍትሔው ከቂብላችን ጋር የሚስማማ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ሶፋችን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ሶፉ እንዲረዝም አዳራሹን በዚህ አቅጣጫ ብናስረዝመው ረዣዥሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ አጫጭሮቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያያሉ። ለእኛ ኬክሮስ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የሚመክር መሐንዲስ አይገኝም። ትልልቆቹ መስኮቶች ከሰጋጁ ጀርባ በደቡብ በኩል ቢሆኑ ብርሃኑ ዓይን ሳይወጋ አዳራሹን ይሞላል።

ስለዚህ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ለኮሚቴው አራት ነገሮችን በአክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. የምዕራቡ መስታወት በድንጋይ ወይም በጡብ ግድግዳ ይለወጥ፤ ለመንገዱ ውበት ካስፈለገ የራሳችን አናጺዎችና ግንበኞች የሚሠሩት ጥልፍልፍ ይሁንበት። ሲሰበር እዚሁ ይጠገናል።

2ኛ. የእናቶች መስገጃ ከምዕራቡ ጥግ ተነሥቶ በደቡብ በኩል፣ የራሱ መስኮትና የራሱ በር ያለው ሆኖ ይሠራ። ከመወሰኑም በፊት እነርሱ ራሳቸው ተጠርተው ይጠየቁ።

3ኛ. ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ይግባ፤ በመካከሉም አየር የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ይተው፤ በጣሪያው አናት ላይ የሞቀው አየር የሚወጣበት መተንፈሻ ይኑረው። ይህ ከማቀዝቀዣ ማሽን ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

4ኛ. ቂብላው በአንድ ሰው ኮምፓስ ብቻ አይወሰን። በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ፣ ደግሞም ሐምሌ 9 ቀን ገደማ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ፀሐይ በመካ ከተማ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። በዚያች ቅጽበት በቱምቢ ተስተካክሎ የቆመ ዘንግ ጥላ ከቂብላ በተቃራኒው ይወድቃል። የእኛ ጥላ አጭር ስለሆነ ዘንጉ ሁለት ሜትር ያህል ቢሆን ይመረጣል። ደመና ቢከለክል በማግሥቱ በዚያው ሰዓት መድገም ይቻላል፤ ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ነው። ሽማግሌዎችም ወጣቶችም በግቢው ተሰብስበው መስመሩን በኖራ ቢያሰምሩት ማንም በኋላ የማይከራከርበት ምስክር ይሆናል።

ውድ አንባብያን፤ የደማስቆው ሙወቂት እብነ በረድ፣ የጃይፑሩ መስፍን ግድግዳ፣ የምስጡ ኩይሳ የሚሉን አንድ ነው፤ መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ሥራ። መለካት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ዘንግ፣ አንድ ገመድና የአንድ ቀን ትዕግሥት ይበቃል። ከዚያ ቀን በኋላ የምንሠራው ግድግዳ ያቺ ጉሊት ሻጭ እናት ከአስር ሶላት በኋላ ላቧን ሳትጠርግ፣ ኹጥባውን ሰምታ፣ በሰላም ወደ ቤቷ የምትሄድበት ግድግዳ እንዲሆን አላህ ይርዳን። የኮሚቴውን ድካም፣ የጀማዓውንም ልግስና ይቀበልልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።